ካስቲዮ የሚባል የለም

እህቴ ኖርማ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራት ጋዜጣ አቅፋ ኩሽናዬ ገባች። የከተማችን ጋዜጣ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወጣው፤ ዋጋው አንድ ዶላር ከሃምሳ፤ የሞተ ሰው፣ የጠፋ ውሻና የዶሮ እግር ዋጋ ነው የሚበዛበት። ሁለት የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም። አራት የገዛች ሴት ለደግ አልመጣችም ብዬ መጥበሻው ላይ ያለውን ድንችና እንቁላል ማማሰሌን ቀጠልኩ። ኖርማ ተቀመጪ ሳልላት ተቀመጠች። የጨውና የቃሪያውን ዕቃ ገፋ አድርጋ አንዱን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ገጽ ስድስትን በመዳፏ ደጋግማ አሸችው፤ እኔ ላውንድሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ላይ ካውያ ከማሳረፌ በፊት እንደማደርገው። ሽቶ ተቀብታለች። ገና በአንድ ሰዓት ሽቶ!

"የኮሌጁ የክብር ዝርዝር ወጣ" አለች። "ባለፈው መንፈቅ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት። ይኸው፣ ያዲራ ካቫዞስ። የኔ ልጅ። በጥቁር ቀለም።"

"የሌላው በቀይ ነው እንዴ የተጻፈው?" አልኳት።

እጄን በፎጣ ጠርጌ ጎንበስ አልኩ። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንብቤ አልጨርስም፣ ስም ማንበብ ግን አያቅተኝም። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የተደረደሩት። የኔ ልጅ ራሚሮ ካስቲዮ ነው፣ የእሷ ካቫዞስ። በፊደል ተራ ካስቲዮ ነው የሚቀድመው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ነው ትምህርት ቤት የገቡት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየሰልፉ ራሚሮ ከፊት ያዲራ ከኋላ ነበሩ፤ እኔም በሆዴ ያንን ቦታ የሱ ርስት አድርጌ ይዤው ኖሬአለሁ። ጋዜጣው ላይ ካኖ የሚል አለ፣ ቀጥሎ ካቫዞስ። በመሃል ምንም የለም። ጣቴን አስቀምጬ እንደገና ወረድኩ። ካኖ። ካቫዞስ። ከገና በፊት ራሚሮ የውጤት ወረቀቱን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጥሎልኝ አይቼዋለሁ፤ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ይላል። ያዲራ ሦስት ነጥብ ስድስት እንዳመጣች ደግሞ ኖርማ ራሷ በስልክ ነግራኛለች፣ ሳልጠይቃት።

"ረስተውት ይሆናል" አለች ኖርማ፣ ለበሽተኛ በሚወጣ ድምፅ። "ወይ ደግሞ... ወንድ ልጅ አይደል? ሁሉን ነገር ለእናቱ አይነግርም።"

"ምኑን ነው የማይነግረኝ?"

"እኔ ምን አውቄ። ትናንት ማታ ደግሞ ሳጅን ሎዛኖ ደወለላት። የጦሩ መልማይ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው። የነርስነት ትምህርቷን እስከ መጨረሻው እንከፍላለን፣ እንዳንቺ ያለችውን ነው የምንፈልገው ይላታል። ለራሚሮ አይደውሉለትም?"

"አይደውሉለትም።"

"ጎበዝ ጎበዙን እየመረጡ ነው መሰለኝ" አለችና ከመጥበሻው ላይ አንድ ቁራጭ ድንች በጣቷ አንስታ በላች።

የማይደውሉለት እኔ ስለከለከልኳቸው ነው፤ ይህን ኖርማም ታውቃለች። ወንድማችን ቤቶ በአስራ ስምንት ዓመቱ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለተቀመጠ መልማይ ስሙን ጻፈ፤ በሃያ ዓመቱ በሳጥን መጣ። ባንዲራውን በሦስት ማዕዘን አጥፈው ለእናታችን ሰጧት፣ እናታችን ደግሞ ታላቋ እኔ ሆኜ ሳለ ለኖርማ ሰጠቻት፤ እስከ ዛሬ ኖርማ ሳሎን በመስታወት ውስጥ ነው ያለው። ራሚሮ ኮሌጅ ሲመዘገብ አብሬው ሄድኩ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት መክራኝ ነበር፤ መልማዮቹ ሲጠይቁ ኮሌጁ የተማሪውን ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ዕድሜ፣ የሚማረውን ሁሉ ይሰጣቸዋል፤ አልሰጥም ቢል መንግሥት ገንዘብ ይከለክለዋል፤ ተማሪው ራሱ አይሰጥብኝ ብሎ ከፈረመ ግን አይነኩትም፣ አለችኝ። ፎርሙን ራሴ ጠይቄ አስመጣሁ። ራሚሮ "እማዬ፣ ላንብበው" ሲል "ምኑን ታነባለህ፣ ከኋላህ ሰው ቆሟል፣ ፈርም" አልኩት። ፈረመ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሰላም ተኝቻለሁ። ግን እውነቱን ልናገር። ያዲራ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ ኖርማ ይኸው ደግሞ ደወሉ ባለች ቁጥር፣ ምን እንደሚያንገበግበኝ አላውቅም። ልጄን ከማልፈልገው ሰርግ አስቀርቼ፣ ለምን አልተጠራም ብዬ እንደመናደድ ነው።

ኖርማ አንዱን ጋዜጣ ትታልኝ ሄደች። "ላንቺ ነው፣ ያዲራን ፍሪጅሽ ላይ ለጥፊያት" ብላ። ራሚሮ በሌሊት ነው የወጣው፤ እስከ ሦስት ሰዓት የሽንኩርት መጋዘን ይሠራል፣ ከዚያ ኮሌጅ። ልደውልለት ስልኩን አነሳሁና ተውኩት። ምን ልለው? ስምህ የለም? ቢዋሸኝስ? መጀመሪያ ራሴ ማወቅ አለብኝ ብዬ ላውንድሪ ቤት ደወልኩና ሆዴን አሞኛል አልኩ።

"ሆድሽ ምነው ዛሬ ቻለበት?" አለኝ አለቃዬ። "የድንበር ጠባቂዎቹ ሸሚዝ ሰማንያ ነው የመጣው።"

"አንተ ካውያውን ያዘው፣ ክብደት ትቀንሳለህ" ብዬ ዘጋሁበት።

ኮሌጁ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው፣ አንድ ዶላር። ጋዜጣውን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤአለሁ። በመስኮት የብርቱካኑ እርሻ አለፈ፣ ጎማ ቤቱ አለፈ፣ ልባሽ ልብስ በሁለት ዶላር የሚሸጡት መጋዘኖች አለፉ፤ እኔ የማየው ካኖና ካቫዞስን ብቻ ነው። የመዝገብ ቤቱ ክፍል እንደ ስጋ ማቀዝቀዣ ይበርዳል። ምንጣፉ ግራጫ ነው፣ ጥጉ ላይ አቧራ የለበሰ የፕላስቲክ ዘንባባ ቆሟል፣ ግድግዳው ላይ ሁሉም ጥርሱ ነጭ የሆነ የተማሪዎች ፎቶ ተሰቅሏል፤ እንዲህ ተሰብስቦ የሚስቅ ተማሪ በግቢው ውስጥ አላየሁም። ከማሽኑ ቁጥር ወስጄ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ነኝ፣ ገና አስራ ዘጠኝ ላይ ናቸው። አጠገቤ ሕፃን ያቀፈች ልጅ ተቀምጣ የክፍያ ወረቀቷን በሕፃኑ እግር ላይ አድርጋ ትሞላለች። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያገኘኋት የላውንድሪ ቤት ደንበኛችን የትሬቪኞ ልጅ ናት፤ ጥፍሯን ሰማያዊ ቀብታለች።

"ልጄ ጋዜጣው ላይ ተረስቷል" አልኳት። "ራሚሮ ካስቲዮ። አየር ማቀዝቀዣ ጥገና ነው የሚማረው፣ ሁለተኛ ዓመት።"

ጻፈች። የሆነ ነገር አነበበች። ፊቷ ላይ ሱቅ ሲዘጋ የሚወርደው ቆርቆሮ ወረደ።

"ወይዘሮ ኦፌልያ፣ በዚህ ስም ልሰጥዎት የምችለው መረጃ የለኝም።"

"የለም ነው ወይስ አልሰጥም ነው?"

"በዚህ ስም ልሰጥዎት የምችለው መረጃ የለኝም።" ቃል በቃል ያንኑ።

"እናትሽን አውቃታለሁ እኮ። ያንቺን የአስራ አምስተኛ ዓመት ልደት ቀሚስ በእጄ ነው የተኮስኩት፣ ያ ሁሉ ዳንቴል!"

"አውቃለሁ። እናቴም መጥታ ስለኔ ብትጠይቅ ይህንኑ ነው የምላት።"

ያን ጊዜ ምን እንደገፋኝ አላውቅም። "እሺ፣ ያዲራ ካቫዞስን እይልኝ" አልኳት።

"ያዲራ ካቫዞስ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ነርሲንግ፣ ሙሉ ጊዜ" አለች፤ ሳትተነፍስ ነው ያለችው። ያዲራ በዚያ ክፍል ውስጥ በሁለት እግሯ እንደቆመች ነው የመሰለኝ። የኔ የለም፣ የእሷ ሙሉ ጊዜ። ከኋላዬ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ጉሮሮውን ጠረገ። የትሬቪኞ ልጅ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኮሌጅ የገባ ልጅ መረጃው የራሱ ነው፣ የወላጅ አይደለም። ደግሞ አንድ ተማሪ መረጃዬ ይዘጋ ካለ፣ እዚህ ይማራል ብለን እንኳ አንናገርም። ስለ ልጅዎ አይደለም የማወራው፣ ስለ ሕጉ ነው" አለችኝ። ንዴት ጆሮ ይደፍናል። ከሁሉም የሰማሁት "ስለ ልጅዎ አይደለም" የሚለውን ነው። ስለ ልጄ ካልሆነ ልጄ የለም ማለት ነው። ያ የገና ወረቀትስ? ዛሬ በኮምፒውተር የማይሠራ ወረቀት አለ? በየማታው ደረቱ ላይ የኮሌጁ ስም ያለበትን ሸሚዝ የማጥበው ለማን ነው? በስልሳ ዶላር የገዛሁት መጽሐፍ፣ ሻንጣው፣ ማለዳ ማለዳ እየጠቀለልኩ የምሰጠው ቁርስ፣ ሁሉም የት ሲሄድ ነው የከረመው?

ኮሪደሩ ላይ ያ የመልማዮች ጠረጴዛ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ለብሷል፣ እስክሪብቶ፣ የውሃ ኮዳና ካልሲ ተደርድሮበታል። ያዲራ የምትይዘው ኮዳ ከዚህ ነው የመጣው። ከኋላው ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ጠይም ልጅ የዱር ቀለም ያለው ዩኒፎርም ለብሶ ቆሟል፤ የደረቱ ስም ሎዛኖ ይላል። በሌላ ቀን ቢሆን ፊቴን አዙሬ አልፈው ነበር። በስፔንኛ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ፣ "እናቴ፣ ደክሞዎታል፣ ይቀመጡ" ብሎ የራሱን ወንበር አወጣልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጪ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ተቀመጥኩ።

"ያዲራ ካቫዞስን ታውቃታለህ?"

"የነርሲንጓን? ስሟን አውቀዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት። እናቷ ነዎት?"

"አክስቷ ነኝ። ስሟን ከየት አገኘኸው?"

"በየመንፈቁ ኮሌጁን እንጠይቃለን፣ ዝርዝር ይሰጠናል። ሕጉ ነው።"

"እስቲ ካስቲዮ የሚል እይልኝ። ራሚሮ።"

ዝርዝሩን ላሳይዎት አልችልም አለኝና ወረቀቱን ወደ ራሱ አዘንብሎ ጣቱን አወረደ። ጣቱ ሲቆም አየሁት፣ እኔ ጠዋት ያቆምኩበት ቦታ ላይ። "ካስቲዮ የሚባል የለም" አለኝ።

እዚህ ላይ ራሴን ላስተባብል አልፈልግም። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፣ ቤቶን ቀብሬአለሁ። ግን በዚያች ሰዓት ልጄ ከጋዜጣው የለም፣ ከመዝገብ ቤቱ የለም፣ ከጦሩ ዝርዝር እንኳ የለም፤ በሁሉም ቦታ ያዲራ ብቻ ናት ያለችው። "አለ እንጂ!" አልኩት። "ለምን አይኖርም? ከእሷ የሚበልጥ እኮ ነው!" ሳጅኑ ሳቅ አለና አንድ ካርድ ከእስክሪብቶ ጋር ወደኔ ገፋ አደረገ። የኔ ጽሕፈት ዘገምተኛ ስለሆነ አንተ ጻፍ አልኩት። ራሚሮ ካስቲዮ ብሎ ጻፈ። ቀኑን ሙሉ ስሙን ወረቀት ላይ ያሰፈረልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ሲጽፈው ሳይ ደረቴ ሞቀ። ስልኩን ነገርኩት። አድራሻችንን ነገርኩት። ሃያ ዓመቱ እንደሆነ፣ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ እንዳመጣ፣ ታሞ እንደማያውቅ፣ የሽንኩርት ከረጢት ሁለት ሁለት አድርጎ እንደሚሸከም፣ ጥርሱ አንድም እንዳልተበላ ነገርኩት። በገበያ ላይ በሬ የሚያሻሽጥ ደላላ እንኳ ጥርስ ድረስ የሚሄደው ሲጠየቅ ነው።

"የእናት ልጅ!" አለኝ ሳጅኑ። "ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።" ካልሲ ሰጠኝ። ተቀበልኩ።

ከዚያ የቀረኝ ዓይኔ እንዲያረጋግጥልኝ ነው። ወርክሾፑ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ከውጭ የተበላሹ ማቀዝቀዣዎች እንደ ሬሳ ተደርድረዋል። የውጪውን በር አልፌ ኮሪደሩ ውስጥ ገባሁና በክፍሉ በር መስታወት ጎንበስ ብዬ አየሁ። አስር የሚሆኑ ወንዶችና ሁለት ሴቶች አንድ የተፈታ ማሽን ከበው ቆመዋል። መሃል ላይ የኔ ልጅ ነው ያለው፣ መነጽር አድርጎ፣ የመዳብ ቧንቧ በእሳት እየበየደ። መምህሩ እጁን አጣምሮ ከጎኑ ቆሟል፤ እሱ ዝም ብሎ ልጄ ነው የሚያስረዳው። ግድግዳውን ተደገፍኩ። አለ። አንዲቷ ልጅ አየችኝና ጠቆመችው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ እየሮጠ ወጣ።

"እማዬ! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?"

ጋዜጣውን ዘረጋሁለት። አየውና እንደ መሳቅ አለ፤ የእጁን ጥላሸት ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ለዚህ ነው ሥራ የቀረሽው? ባለፈውም እኮ አልነበርኩበትም። ያኔ ያዲራ ስላልወጣች ኖርማ ጋዜጣውን አልገዛችውም፣ ለዚያ ነው ያላየሽው።"

"ለምን? ሦስት ነጥብ ዘጠኝ አላመጣህም?"

"አምጥቻለሁ። ስመዘገብ ያስፈረምሽኝ ፎርም ትዝ ይልሻል?"

"እሱ ለጦሩ ነው።"

"ለጦሩ ብቻ የሚባል የለም እማዬ። ወይ ሁሉም ይዘጋል ወይ ሁሉም ይከፈታል። ጋዜጣ ሲጠይቅ የለሁም፣ ጦሩ ሲጠይቅ የለሁም። በበጋ ያ የማቀዝቀዣ ድርጅት ሊቀጥረኝ ኮሌጁ ጋ ደውሎ ሲጠይቅ የምንለው የለንም አሉት። እሱም ውሸታም ነህ ብሎ ተወኝ።"

"እና ዝም ትላለህ? ሄደህ አታስከፍተውም? ፊርማህ አይደለም እንዴ?"

የጋዜጣውን ጠርዝ እያጠፈ ያስተካክላል፤ አባቱም ትቶን ሂዩስተን ሌላ ቤት ከመክፈቱ በፊት ሊናገር የከበደው ነገር ሲኖር እንዲህ ነበር የሚያደርገው። "ሁለት ጊዜ መስኮቱ ድረስ ሄጃለሁ" አለኝ። "ከዚያ አጎቴ ቤቶን ታስቢያለሽ ብዬ እመለሳለሁ። ኖርማ ቤት ስንሄድ እነያዲራ ለምን ላንተ አይደወልም፣ ጦሩ እንኳ ናቀህ እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንቺ ስልኬ ሲጮህ አይተሽ እንዳትደነግጪ ነው የፈለግሁት።"

የካርዱን ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩ። መምህሩ ከውስጥ "ካስቲዮ! ቧንቧው እየቀዘቀዘ ነው!" ብሎ ጮኸ። ራሚሮ ግማሽ ሰዓት ጠብቂኝ፣ እወስድሻለሁ ብሎኝ ገባ። ካልሲው ከነመጠቅለያው በእጄ ነው።

በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ ሮጬ አላውቅም። ሳጅኑ ጠረጴዛው ላይ ሳንድዊች እየበላ ነው።

"ካርዱን መልስልኝ" አልኩት።

"ምን ሆኑ እናቴ?"

"ምንም አልሆንኩ፣ ካርዱን! ልጄ ስሜ አይሰጥ ብሎ የፈረመ ልጅ ነው። ሕግ አለ። አሁን ገና ነው የገባኝ።"

አፉን በሶፍት ጠርጎ ተነሳ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ሕጉ የሚይዘው ኮሌጁን ነው። ኮሌጁ አልነገረኝም። የነገሩኝ እርስዎ ነዎት" አለኝ። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። "ይኸው። ግን ቁጥሩን ስልኬ ላይ አስገብቼዋለሁ፣ መልእክትም ልኬለታለሁ። እሱ ራሱ አትደውል ካለኝ እዚያው እሰርዘዋለሁ። ሃያ ዓመቱ ነው። ስለሱ የእርስዎን ቃል ብቻ አልወስድም።"

"ቅድም ስነግርህ ወስደህ የለም እንዴ?"

ጠይም ፊቱ ቀላ። "እውነትዎን ነው" አለ። "አይጨነቁ፣ ብዙዎቹ አያነሱትም። የእህትዎን ልጅ ሰባት ጊዜ ደውዬ አንዴም አላነሳችልኝም።"

በሌላ ቀን ይህችን ወሬ እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ሳንከባልላት በዋልኩ ነበር። ትምህርቷን እንከፍላለን አላት፣ እንዳንቺ ያለችውን አላት፣ ሁሉም የኖርማ ፈጠራ! ግን አልጣመኝም። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ወርክሾፑ መግቢያ ላይ፣ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ፣ ጫማ የሚሰቀልበት ዓይነት ኪስ ኪስ ያለው ጨርቅ ተንጠልጥሏል። እሳት ላይ ሳሉ እንዳይዘናጉ ሁሉም ስልኩን እዚያ ነው የሚያስቀምጠው። የራሚሮን ወዲያው አወቅኩት፤ ጥጉ የተሰነጠቀውና እኔ በፕላስተር የለጠፍኩት ነው። በሩን በቀስታ ገፋሁት። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣ እሳቱ ይጮኻል። ስልኩን አወጣሁና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የሰው ኪስ ገብቼ አላውቅም፤ በላውንድሪ ቤት አስራ ሰባት ዓመት ስሠራ በየሱሪው ኪስ ያገኘሁትን ሁሉ መልሻለሁ። መስታወቱ ላይ መልእክቱ ተዘርግቶ ነበር፣ አጭር ነው፣ በስፔንኛ፦ ሰላም ራሚሮ፣ ሳጅን ሎዛኖ ነኝ፣ ዛሬ እናትህ ስለ አንተ ብዙ ነገረችኝ። እናትህ የሚለውን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ላጠፋው ብነካው የይለፍ ቁጥር ጠየቀኝ። የልደት ቀኑን ሞከርኩ። የቤት ቁጥራችንን ሞከርኩ። የኔን ልደት ሞከርኩ። ሁሉም እምቢ አለ፤ ልጄ ከኔ የሚቆልፈው ነገር እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስልኩ እጄ ላይ እያለ ጮኸ። ያው ቁጥር ነው። ቀዩን ልጫን፣ አረንጓዴውን ልጫን ስል በሩ ተከፈተና ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ራሚሮ የመጨረሻው ነበር። መጀመሪያ የጨርቁን ባዶ ኪስ አየ፣ ቀጥሎ እጄን፣ ቀጥሎ ፊቴን።

"ማን ነው?" አለኝ።

ማንም አይደለም ማለት እችል ነበር። የተሳሳተ ቁጥር ነው ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበረች። "የጦሩ መልማይ ነው" አልኩት። "ስምህንም ስልክህንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያዲራን ሲያውቃት አንተን ሲያጣህ ጊዜ ቀናሁ። እንዳለህ እንዲያውቅ ነው የሰጠሁት።" ስልኩ ይጮኻል። ካልሲውንም እንዳየው አየሁ። እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። አልጮኸብኝም። ስልኩን ከእጄ ላይ ወሰደው፣ ቀስ አድርጎ፣ ትኩስ ነገር እንደሚቀበል ሰው።

"በለው" አልኩት። "አትደውልልኝ በለው፣ ወዲያው እሰርዛለሁ ብሏል።"

"ሄሎ" አለ። "አዎ። ራሚሮ ካስቲዮ ነኝ።"

ስሙን ያለበት ድምፅ ወፈር ያለ ነው፣ እኔ ቤት የማልሰማው። ስልኩን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሰማ። ሰውዬው የሆነ ነገር ጠየቀው መሰለኝ፣ "ሦስት ነጥብ ዘጠኝ" አለና አንገቱን ቀና አደረገ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ የምትመስል ነገር መጣች፣ ሊደብቃት ሲል ፊቱን አዞረ። ስለ ውጤቱ ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔ እንኳ ወረቀቱን አየሁት እንጂ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም፤ ለኖርማ ለመንገር ነው የሸመደድኩት። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ እዚያው ቆዪ የሚል ምልክት ሰጠኝና የውጪውን በር ከፍቶ ወጣ። በመስታወቱ በኩል አየዋለሁ። በተበላሹት ማቀዝቀዣዎች መሃል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አንዱ ላይ ተቀመጠ። ተነሳ። ብዙ ያዳምጣል፣ ትንሽ ይናገራል። አትደውልልኝ ለማለት ያን ያህል ወሬ አያስፈልግም።

ሲመለስ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

"ምን አልከው?" አልኩት።

"አወራን።"

"አትደውል አላልከውም?"

ሻንጣውን ትከሻው ላይ አደረገ። እጄ ላይ ያለውን ጋዜጣና ካልሲ ሁለቱንም ተቀብሎኝ ያዘልኝ። "ቁርስ በልተሽ ነው የመጣሽው?" አለኝ።

"አልበላሁም።"

"ነይ እንግዲህ" አለኝና ከፊቴ ሄደ።